አምስት ፍሬ በአንድ ሐረግ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን፤ ከነገሩ በፊት ሰዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ልማዴ ስለሆነ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ በዚህ ጠዋትም የምጀምረው ከዚያው ነው። አንደኛ አባቴ፣ አቶ ዓምሃ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው፣ በአዋሽ ሸለቆ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የመስኖ ሠራተኞች አለቃ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ ከእናቴ ወገን በወረስነው የጉለሌ ግቢ የገቡ፣ እስከ ዛሬም የእንጦጦን ብርድ እንደ ግል ጠላታቸው የሚቆጥሩ። ሁለተኛ ታላቅ እህቴ ደሳለች፣ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ፣ በትዳር አሥራ አራት ዓመት ቆይታ ልጅ ያልወለደች። ሦስተኛ ባሏ ጉዲና፣ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ያለው፣ እሑድ እሑድ በቸርች ዘማሪ የሆነ፣ በሌላው ቀን ሁሉ ከንግግሩ ቀልዱ የሚቀድም። አራተኛ ልጄ ናዝሬት፣ አሥራ አንድ ዓመት ከአምስት ወር። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ኢየሩ፣ በአትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ በሰሜን ስዊድን በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥቢ። የናዝሬት አባት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ አዳማ ሌላ ቤተሰብ መሥርቷል፣ ከእርሱ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር፣ እሱንም በሰዓቱ ሰጥቷል።

ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ ተኝቻለሁ፤ ማለትም አልጋ ላይ ነኝ። በከተማዬ በኡሜዮ በግንቦት ወር ፀሐይ ለመጥለቅ አትቸኩልም፣ ስትወጣም ማንንም አትጠብቅም፤ ስለዚህ ድርብ መጋረጃ ሰቅያለሁ፣ ብርሃኑ ግን በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ በግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል፣ እኔም በዓይኔ መስመሩን ስከተል ከሌላኛው ክፍል በር እደርሳለሁ። በሩ ክፍት ነው። እዚያ ውስጥ የናዝሬትን ቁመት በስልክ አስለክቼ የገዛሁት አልጋ አለ፣ የመገጣጠሚያ ወረቀቱን ሃያ ሁለት ደረጃ አንዱን እንኳ ሳልዘል የሠራሁት። ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አለ። ለአራት ዓመት የተከታተልኩት የመኖሪያ ፈቃዷ በመጋቢት መጣ፣ ትኬቱ ለሰኔ 28 ተቆረጠ፣ የክረምት ልብሷ በመጠን ተለይቶ በቁም ሳጥኑ ተሰቀለ። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። በቅጹ ላይ የልጅቷን ሐሳብ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ «ከእናቷ ጋር ለመኖር ትናፍቃለች» ብዬ በጥሩ ስዊድንኛ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሰዋስዉን ሁለት ጊዜ አርሜ። ናዝሬትን አልጠየቅኳትም። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ይህን አሁን ስጽፈው ቢሆን ኖሮ «መስሎኝ» ከሚለው በታች አሰምርበት ነበር።

የሄድኩት ለሁለት ዓመት ነው። ናዝሬት የሦስት ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነበረች፣ ደሳለች ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር የሸኘችኝ፣ እጇን አንሥታ ደህና ሁኚ እንድትል ቢነግሯትም እጇ በደሳለች አንገት ዙሪያ ተጠምጥሞ ነበርና አላነሣችውም። ሁለት ዓመት ማለት ሃያ አራት ወር ነው ብዬ በሰሌዳ ላይ አሰመርኩ፣ እያንዳንዱን ወር ስጨርስ እሰርዝ ነበር፤ ሃያ አራተኛውን ከሰረዝኩ በኋላ አዲስ ሰሌዳ ሠራሁ። ይህን አገር መጀመሪያ የወደድኩት በሕንፃችን ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው ብል ማን ያምነኛል፤ በሩ ላይ ቀንና ሰዓት የተከፋፈለበት ሰሌዳ አለ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ የቤቱን ቁጥር የያዘች ትንሽ ቁልፍ በሚፈልገው ሰዓት ላይ ይቆልፋል፣ በዚያ ሰዓት ማንም አይገባበትም፣ ማንም አይጣላም፣ ማንም «አንዴ ብቻ» አይልም። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ እንግዲህ እንዲህም መኖር ይቻላል አልኩ። ከዚያ ሥራ አገኘሁ፣ ሥራው ፈቃድ አመጣ፣ ፈቃዱ መታደስ ነበረበት፣ ማመልከቻ ላይ ሳለሁ ከአገር ብወጣ ወረፋው ሊበላሽብኝ ነው፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ከዚያም አንድ ዓመት ብቻ። በየዓመቱ ምክንያቴ ትክክል ነበር። ስምንቱን ትክክለኛ ምክንያቶች አንድ ላይ ስደምራቸው ግን የሚወጣው ልጄን አለማሳደጌ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄጃለሁ፣ ከአራት ዓመት በፊት፣ ለአሥራ ስምንት ቀን፤ እያንዳንዱን ቀን በሠንጠረዥ ከፋፍዬ ነው የሄድኩት። በአምስተኛው ቀን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወሰድኳት፣ ደሳለችም አብራን መጣች፤ በየዛፉ ሥር ቆሜ የሳይንስ ስሙን፣ ቤተሰቡን፣ ከባሕር ወለል በላይ በስንት ሜትር እንደሚበቅል እነግራታለሁ፣ እሷ እግሯን አጣምራ ቆማ በጣም በትሕትና ትሰማኛለች፣ እኔም ልጄ ሳይንስ ትወዳለች እያልኩ በልቤ ደስ ይለኛል። ከሰባተኛው ዛፍ በኋላ የደሳለችን ቀሚስ ሳብ አድርጋ በጆሮዋ አንሾካሾከች። ሽንቷን ይዛ ኖሯል፤ ለእኔ መናገር አፍራ። ተመልሰው ሲመጡ ደሳለች እየሳቀች ነበር፣ «ፕሮፌሰሯ፣ ተማሪሽን ልታፈነጂብን ነበር እኮ» አለችኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ናዝሬት ግን አልሳቀችም፣ «ይቅርታ ማሚ፣ አሁን ይቀጥሉ» አለችኝ። ይቀጥሉ። ለደሳለች «እማ፣ አንቺ» ነው የምትለው፣ ለጉዲናም «አንተ» ትላለች፤ ለእኔ ግን፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን «እርስዎ» መርጣ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ጨዋነቷ ነው አልኩ። ሠንጠረዡ ላይ የቀኑን ዕቅድ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ በስልክ ሆነ። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ደህና ነዎት ማሚ፣ ደህና ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ ደህና ነው፣ ምን በላሽ፣ ፓስታ፣ ጎበዝ። ከዚህ በኋላ የሁለታችንም ትንፋሽ ይሰማል፣ በስተጀርባ ጉዲና ሬዲዮ ይቀንሳል፣ ደሳለች በሹክሹክታ «ስለ መዝሙሩ ንገሪያት» ትላታለች፣ እሷም እንደ ትእዛዝ ስለ መዝሙሩ ትነግረኛለች። ባለፈው ኅዳር አንድ የጓሮ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በቀዝቃዛ አገር በሰባ አምስት ቀን የሚደርስ አነስተኛ የሐብሐብ ዘር ተደርድሮ አየሁና ቆምኩ። እኔና ልጄ የምንነጋገርበት ነገር ይኸው አልኩ። ለገና ወደ አገር ቤት ለምትሄድ አንዲት ሴት አሥራ ሁለት ዘር በፖስታ አሽጌ ሰጠሁ፣ ከአሥራ አንድ ገጽ መመሪያ ጋር። አባባ ወረቀቱን በናዝሬት አስነብበው ከጨረሱ በኋላ ደወሉልኝ። ሐብሐብ ሌሊት አንሶላ ገፍፈው የሚያድሩበት አገር ነው የሚፈልገው አሉኝ፣ ጉለሌ ላይ ምን ሊሆን፣ እኔ ራሴ እዚህ ከመጣሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እስካሁን አልበሰልኩም። እኔ ደግሞ ሙቀት መስጠት ካልቻልን ሙቀት ማጠራቀም እንደምንችል በዝርዝር አስረዳኋቸው። እንግዲህ አንቺ ነሽ የተማርሽው አሉና ቀጥ ብለው መመሪያውን ያዙ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሐብሐብ ያበቀሉ ሰው።

ጉዲና አራት ያረጁ የመኪና ጎማዎች ከጎሚስታ ቤቱ አመጣ፤ ጥቁሩ ጎማ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ አፈሩን ያሞቃል፣ በዙሪያው የሚደረደሩ ውሃ የሞላባቸው ጠርሙሶች ደግሞ ያጠራቀሙትን ሙቀት ሌሊት ይመልሳሉ፣ ከላይ በእንጨት ላይ የተወጠረ ነጭ ላስቲክ፣ ከኋላ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የብሎኬት ግድግዳ። ጉዲና ጎማዎቹን ሲያስተካክል፣ ስንት ዓመት ሰው ጎማ ሲያስሞላኝ ኖሮ አፈር ሲያስሞላኝ የመጀመሪያው ነው፣ ነገ ደግሞ በሬ ጥመድ ትሉኛላችሁ ብሎ ግቢውን እንዳሳቀው ሰማሁ። ናዝሬትን መዝጋቢ አደረግኳት። የጠዋት ሙቀት፣ የቀትር ሙቀት፣ ውሃ በጣሳ፣ የቅጠል ብዛት፤ በየማታው ገጹን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ነገርኳት፤ ያላየሽውን አትጻፊ፣ የማይመች ቁጥር ብታገኚም እንዳለ ጻፊው፣ ቁጥር ለማንም ብለን አንለውጥም። እሺ ማሚ አለች። ከጥር እስከ ግንቦት አንድ መቶ ሰባት ገጽ ልካልኛለች፣ አንድም ቀን ሳትዘል፤ እኔም በዕረፍት ሰዓቴ በመሣሪያ ማምከኛው ክፍል ጥግ ቆሜ እያንዳንዱን አነብና እንዲህ እያልኩ እጽፍላታለሁ፣ ጎበዝ፣ የዛሬው ጠዋት ዘጠኝ ዲግሪ ዝቅተኛ ነው፣ ነገ ላስቲኩን ቀደም ብላችሁ ሸፍኑ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንደ እነዚያ ወራት ደጋግመን ተነጋግረን አናውቅም። የቀትሩን ሙቀት፣ የማታውን ሙቀት፣ የአፈሩን ሙቀት ጠይቄያታለሁ።

ከበቀሉት አራት ሐረጎች ሁለቱን በመጋቢት የወረደው በረዶ ላስቲኩን ቀድዶ አጠፋቸው፣ ሦስተኛው ከሥሩ ተበላ፣ አንድ ቀረ። ያም አንዱ በፋሲካ ሰሞን አበበ። ላስቲክ ውስጥ ንብ ስለማይገባ በእጅ ማዳቀል ያስፈልግ ነበር፤ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ፣ ቅጠሉን ገላልጦ፣ ከሥሯ ትንሽ ጠጠር የመሰለች እብጠት ባላት በሴቴዋ አበባ ላይ በቀስታ መንካት፣ ጠዋት አበባው እንደተከፈተ። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ደሳለች ገበያ ናት፤ ስለዚህ ናዝሬት በዕረፍት ቀኖቿ ሠራችው። አምስት አበባ፣ አምስቱም ያዙ። በአዋሽ ይህን የሚሠራው ንብ ነው፣ ይቺ ግን ከንብ ትበልጣለች፣ አትናደፍም አሉ አባባ። እያንዳንዱ ፍሬ መለያ ይደረግበት፣ የተዳቀለበት ቀን ይጻፍበት አልኩ፤ ቁጥር ይሰጠው ማለቴ ነበር። ጉዲና ግን፣ እኛም አምስት ፍሬውም አምስት፣ ምን ቁጥር ያስፈልጋል አለ። ከውሃ ጠርሙስ በተቆረጠ ላስቲክ ላይ ስማችን ተጽፎ በክር ታሰረ። መጀመሪያ የተዳቀለው፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ትልቁና ቀጥ ያለው፣ ኢየሩ ተባለ። ሁለተኛው ደሳለች። ሦስተኛው ዓምሃ፣ አራተኛው ናዝሬት። አምስተኛው ወደ ጎን የተጣመመ ሆነና ጉዲና የራሱን ስም አሰረበት፣ አላይመንት ያስፈልገዋል እንጂ ሞተሩ ደህና ነው እያለ። ደሳለች ከገበያ የቀረ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ለእያንዳንዱ ከእንጨቱ የሚንጠለጠል መያዣ ሰፋችለት፣ በክብደቱ ከሐረጉ እንዳይገነጠል።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። በሞቃት አገር አንድ ሐረግ አራት አምስት ፍሬ ይሸከማል፤ በቀዝቃዛ አገር ግን አንዱን ለማብሰል እንኳ አቅሙ በጭንቅ ነው የሚበቃው፣ አምስቱን ካስቀመጥን አምስቱም ውስጣቸው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ክረምቱም ይደርሳል። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን አልክደውም። ፍሬዎቹ ቡጢ ሲያክሉ አራቱ ይቆረጡ አልኩ። አባባ ሁለት እንተው አሉኝ፣ እባክሽ፣ ሁለት ምን ይላል። አንድ አልኩ። ልጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል እኮ አሉ፤ ልጆቹ ሲሉ ጉዲናንም መጨመራቸው ነው። ስም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም አልኩ። ከዚያም፣ በጣም ፍትሐዊ መስሎ በታየኝ ድምፅ፣ የሚቀረውን የምትመርጠው መዝጋቢዋ ናት፣ መረጃው በእጇ ነው፣ ትልቁን፣ ጤናማውን፣ ቀድሞ የተዳቀለውን ታስቀር አልኩ። መረጃው ምን እንደሚል አውቅ ነበር። በእነዚያ ገጾች ሁሉ ውስጥ ትልቁ፣ ጤናማውና ቀድሞ የተዳቀለው ማን እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሳይንሱን ተጠቅሜ ልጄ በገዛ እጇ እንድትመርጠኝ አዘዝኩ።

በማግስቱ ፎቶው መጣ። አንድ ፍሬ፣ በነጠላው መያዣ ውስጥ፣ ክሩ ላይ «ኢየሩ»። በሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አሰፋሁት፣ አጠበብኩት፣ አለቀስኩ። ለሦስት ቀን በደስታ አልተኛሁም፤ እንቅልፍ ማጣት እንዲህም ሊጣፍጥ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ማታ ገጹን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴ ከቀደመው ገጽ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ። ሚያዝያ 22፣ ኢየሩ፣ ዙሪያው 24 ሴንቲ ሜትር። ሚያዝያ 26፣ ኢየሩ፣ ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ፍሬ ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል፣ ይወድቃል፤ አይኮስስም። ወደ ሚያዝያ 22 ተመልሼ ከስሜ በታች ያለውን መስመር አነበብኩ። ደሳለች፣ 19 ሴንቲ ሜትር።

ደሳለችን ስደውልላት ሽሮ ሜዳ ሱቋ ውስጥ ነበረች፣ ከጀርባዋ አንዲት ደንበኛ በጋቢ ዋጋ ትከራከራለች። ሠላም ከተባባልን በኋላ ቁጥሮቹን ብቻ አነበብኩላት። ለደንበኛዋ «ትንሽ ታገሺኝ እናቴ» ስትል ሰማሁ፣ ወደ ውጭ ወጣች፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ገባ።

«አዎ፣ ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልጅቷን እንዳትቆጪያት።»

ከዚያ እየተቆራረጠች ነገረችኝ። ናዝሬት መቀሱን ይዛ ገባች፣ አባባ ከበሩ ቆመው ያያሉ። ይታሰብበታል፣ ይለካል ብለው ሲጠብቁ እሷ ቀጥታ ሄዳ መጀመሪያ የእኔን ቆረጠችው። ከዚያ የራሷን፣ ከዚያ የአያቷን፣ ከዚያ የጉዲናን። አባባ የተቆረጠውን ትልቁን ፍሬ አንሥተው በጋቢያቸው ሥር ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ማታ ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ተነጋገሩ፣ ኢየሩ ይህን ማየት የለባትም ተባለ፣ ስሙ ተለዋወጠ። ናዝሬት የፎቶውን ነገር ዝም ብላ አለፈችው። ሲለካ ግን ደሳለች ቁጥሩን 25 አድርጊው ብትላት እምቢ አለች። ማሚ ቁጥር ለማንም ብለን አንለውጥም ብለዋል አለች። ይህን ስትነግረኝ ደሳለች ድምፅዋ ተሰበረ፤ በልጅቷ ኮርታ ይሁን ለእኔ አዝና መለየት አልቻልኩም፣ ምናልባት እሷም አልለየችውም።

በማግስቱ ናዝሬትን ብቻዋን አነጋገርኳት። አልተቆጣሁም ብዬ ጀመርኩ፣ ለማወቅ ብቻ ነው አልኩ፣ ይህን ስል ድምፄ እንደ ጠያቂ ባለሥልጣን እንደሚሰማ ታወቀኝ።

«ለምን የእኔን ቆረጥሽው ናዚ?»

«ይቅርታ ማሚ።»

«ይቅርታ አያስፈልግም። ምክንያቱን ንገሪኝ።»

«የእርስዎን ማን ይበላዋል ብዬ ነው» አለች። ከዚያ እንዳልገባኝ ቆጥራ፣ በዚያ ገጽ በምትሞላበት ጥንቃቄዋ አስረዳችኝ፤ «ሲደርስ እርስዎ አይኖሩም። እማ ግን አለች።»

ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። የሚያስፈልገውን ቦታና ጊዜ ያሰላች ልጅ ነበረች፤ እንደ እኔ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ጥያቄ ጠየቅኳት፣ ወደ እኔ መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይ። «እርስዎ ካሉ እመጣለሁ» አለች። እኔ ባልልስ አልኩ፣ ለአንቺ ቢተውስ። ውሻ ሲጮህ ሰማሁ፣ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ፣ አባባ ማነው ሲሉ። «እንግዲያ» አለች ናዝሬት በጣም ቀስ ብላ፣ «እዚሁ ብሆንስ?»

በዚያ ሌሊት የቀዶ ሕክምና ሣጥን ሳዘጋጅ አንድ መቀስ ጎድሎ አሽጌ ላክሁ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ስሕተቴ ነው፣ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ስሕተቱ ተደረሰበት፣ ማንም አልተጎዳም። እዚህ አገር ለስሕተት የሚቆጣ የለም፤ ቅጽ ይሰጡሻል። ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ወደፊት እንዳይደገም ምን ታደርጊያለሽ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሁለት መስመር መለስኩ። በሁለተኛው ላይ እስኪነጋ ተቀመጥኩ። አለቃዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ይህ ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም፣ «ድካም» ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ። ድካም።

ትናንት እሑድ፣ ግንቦት 10፣ ሁሉም ከየቤተ ክርስቲያናቸው ከተመለሱ በኋላ ተሰበሰብን፤ ስልኩን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈውት ስለነበር ሁላቸውም ከአገጫቸው በታች ትንሽ ተቆርጠው ይታዩኛል። ነገሩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እንዳለ፣ ከቁጥሮቹ ጋር። አባባ ወዲያው አይሆንም አሉ። ልጅ የእናቷ ናት፣ አራት ዓመት ሙሉ ስትለፊ የከረምሽው ለዚህ ነው፣ ሕፃን ምን ታውቃለች፣ ሳምንት አልቅሳ ትለምደዋለች፤ አንቺም አልቅሰሽ ለምደሽ የለም ወይ። ደሳለች ሻንጣ ገዝቻለሁ አለች፣ ሰማያዊ ነው፣ ሂጂ ካላችኋት እኔው ራሴ ኤርፖርት አደርሳታለሁ፣ አንድ ቃል አልናገርም። ይህን ስትል ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ነጠላዋ ጥለት እያየች ነበር። ሁላችንም ወደ ጉዲና ዞርን፣ ቀልድ ይመጣል ብለን።

«እኔ አባቷ አይደለሁም» አለ። «ግን ጥርሷ ሲነቀል ጣሪያ ላይ ስንወረውር የነበርነው አብረን ነው። ስምንቱንም። ይህን ለመናገር ያህል ነው እንጂ የሚወሰነው በአንቺ ነው።»

ስምንት ጥርስ። በማንኛውም ገጽ ላይ አልተመዘገበም፤ ጠይቄም አላውቅም። አባባ ከዚያ ሁሉም የፈሩትን ጥያቄ አነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ምልጃ፤ ታዲያ አንቺ ለምን አትመጪም ልጄ፣ ግቢው ሰፊ ነው። አሁንም በዚህ አልጋ ላይ፣ ብርሃኑ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያውን ሲነካ፣ የሚገባቸውን መልስ እፈልጋለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። ልመለስ ብዬ ሳስበው ራሴን የማየው በዚያ ግቢ ደጃፍ ቆሜ ደሳለች ልጅቷን ስታበጥር ስመለከት ነው፤ ቀን በቀን፣ ተራዬን እየጠበቅሁ፣ ከእህቴ ላይ ጥቂት በጥቂት ለመውሰድ እየሞከርኩ። ያን ለማድረግ ልብ አጣሁ፤ ያን ላለማድረግ እዚያ ለመኖርም ልብ አጣሁ። ለእሳቸው ግን ያልኩት «አልችልም አባባ፤ መቻል የነበረብኝ ድሮ ነበር» ብቻ ነው። በስልኩ ውስጥ አንገታቸውን ሲደፉ አናታቸው መላጣ ሆኖ ታየኝ፤ ስሄድ ፀጉር ነበረው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል እኔ ተናገርኩ፣ አንድ በአንድ፣ ማንም በኋላ በስሕተት ሰምቼ ነው እንዳይል። ናዝሬት ጉለሌ ትቀራለች። ትኬቱ ይሰረዛል፣ ፈቃዱም ቀኑ እስኪያልፍ ይቀመጣል፤ ሁለተኛ አላመለክትም፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ራሷ ካልጠየቀችኝ በስተቀር። ደሳለችና ጉዲና በወረቀትም አሳዳጊዎቿ ይሆናሉ፤ እኔ እፈርማለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነው፣ በሰዓቱ እሰጣለሁ። ክረምት ሲወጣ በየዓመቱ እመጣለሁ፣ ያለ ሠንጠረዥ። አባባ «እንግዲህ ይሁን» አሉ። ጉዲና ይሁን አለ። ደሳለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ናዝሬት እማዋ ጎን ጠጋ ብላ ስልኩን ቀና አድርጋ አየችኝና «እርስዎስ ማሚ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩ።